ንዳድ፣ በቆሎና የበርሜል ውሃ፦ የምዕራብ ጎጃም የትኩሳት ታሪክ ለደንጊ ዘመን ምን ያስተምረናል?



የታሪክ ሰው እንጂ ሐኪም አይደለሁም። ስለዚህ የዛሬው ንግግሬ ስለ መድኃኒት ሳይሆን ስለ ዕውቀት ነው፤ አንድ ሕዝብ ስለ አንድ በሽታ ያካበተው ዕውቀት እንዴት እንደሚረዳው፣ ሌላ በሽታ ሲመጣ ደግሞ ያው ዕውቀት እንዴት ሊያሳስተው እንደሚችል።

ነገሩን ወደ አሰብኩበት ምክንያት ልመልሳችሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት በድሬዳዋ የሚሠራ የአክስቴ ልጅ የመስቀልን በዓል ከቤተ ዘመድ ጋር ሊያሳልፍ ወደ ቡሬ አካባቢ መጣ። በመጣ በሦስተኛው ቀን ብርቱ ትኩሳት ያዘው። ከዐይኑ በስተጀርባ እንደሚወጋው፣ መገጣጠሚያው ሁሉ እንደተሰበረ እንደሚያመው ነገረን። ወደ አንድ የጤና ተቋም ወሰድነው። የደም ምርመራው የወባ ተሕዋስ አላሳየም። ሆኖም የወባ መድኃኒት ታዘዘለት፤ ለሕመሙም ማስታገሻ መርፌ ተወጋ። ለምን ብለን ስንጠይቅ የተሰጠን መልስ አጭር ነበር፦ «መስከረም ነው፤ ልጁም ከቆላ ነው የመጣው፤ ወባ ነው»። በአምስተኛው ቀን ትኩሳቱ በረደለት፤ ደስ አለን። በዚያው ቀን ግን ድዱ መድማት ጀመረ፤ ሆዱንም አጥብቆ ያመው ጀመር። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ተረፈ። ቆይቶ አንድ ሐኪም ወዳጄ ታሪኩን ሰምቶ «ይህስ ደንጊ ሳይሆን አይቀርም፤ የተወጋው ማስታገሻም የመድማቱን አደጋ የሚያብስ ዓይነት ሊሆን ይችላል» አለኝ።

ይህን የምናገረው ያን ባለሙያ ለመውቀስ አይደለም። «መስከረም ነው፤ ከቆላ ነው የመጣው» የሚለው አባባል የእርሱ ብቻ አይደለም፤ ብዙ ትውልድ በብዙ ሞት የገዛው ዕውቀት ነው። ጥያቄዬም ይህ ነው፦ ያ ዕውቀት ከየት መጣ? እስከ የትስ ድረስ ያደርሰናል?

ንዳድና የቆላ ፍርሃት

ያደግሁት በቡሬና በፍኖተ ሰላም መካከል ባለ የገጠር ቀበሌ ነው። አያቴ «ወባ» የሚለውን ቃል ብዙም አትጠቀምም ነበር፤ እርሷ የምትለው «ንዳድ» ነው። ንዳድ ከዓባይ በረሃ የሚወጣ፣ በረግረግ ላይ የሚያድር፣ በክረምት ማብቂያ ሰውን የሚይዝ ነገር ነበር። ሕጓም ግልጽ ነበር፦ ወደ ቆላ ለገበያ የወረደ ሰው እዚያ አይደር፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ ወደ ደጋው ይመለስ።

ይህ ሕግ የአንድ ቤት ብቻ አልነበረም። በሰሜንና በምዕራብ ኢትዮጵያ ደጋማ አገሮች ሰው ለሰፈራ ከፍ ያለውን መሬት ሲመርጥ፣ ለም የሆኑ ሸለቆዎችም ለረጅም ዘመን ስስ ሕዝብ ይዘው ሲኖሩ አንዱ ምክንያት ንዳድ ነው። በጣና ዙሪያም ትኩሳት የታወቀ ገዳይ ነበር። የዓባይን ምንጭ ግሽ ዓባይን በ1618 እ.ኤ.አ. ያየው ኢየሱሳዊው ፔድሮ ፓኤዝ እንኳ በ1622 እ.ኤ.አ. በጎርጎራ የሞተው በትኩሳት ነው።

የአያቴ ሕግ በሳይንስ ሚዛን ሲመዘን ምን ይመስላል? ምክንያቱ ስሕተት ነበር፤ ንዳድ ከአየር የሚመጣ ይመስላት ነበር። በዚህ ግን ብቻዋን አልነበረችም፤ አውሮጳውያን ለበሽታው የሰጡት «ማላሪያ» የሚለው ስም ራሱ በጣሊያንኛ «መጥፎ አየር» ማለት ነው። የወባ ተሕዋስ በሰው ደም ውስጥ የታየው በ1880፣ በትንኝ መተላለፉም የታወቀው በ1897 እ.ኤ.አ. ነው። ምክንያቱ ይሳት እንጂ ሥርዐቱ ትክክል ነበር። የወባ ትንኝ በአብዛኛው የምትነክሰው በሌሊት ነው፤ ስለዚህ ቆላ ያላደረ ሰው በእርግጥ ይጠበቃል። ቅዝቃዜም ከደጋው ወገን ይቆማል፤ የአየሩ ሙቀት ከ16 እስከ 18 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ሲወርድ ተሕዋሱ በትንኟ ሰውነት ውስጥ ዕድገቱን መጨረስ ይሳነዋል።

እንግዲህ ሦስት ምሰሶዎች እናገኛለን፦ ቦታው ቆላ፣ ወቅቱ የክረምት ማብቂያ፣ ሰዓቱ ሌሊት። ቀጥሎ የምናየው ታሪክ እነዚህ ምሰሶዎች አንድ በአንድ እንዴት እንደተነቃነቁ ነው።

የ1951 ዓ.ም. ወረርሽኝ

የመጀመሪያው ምሰሶ በአንድ ዓመት ውስጥ ወደቀ። ከሰኔ 1950 እስከ ታኅሣሥ 1951 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1958) ወባ ከቆላው ወጥቶ ደጋውን ወረረ። በጊዜው የተካሄደው ጥናት እንደሚገምተው ወደ 3 ሚሊዮን ሰው ታመመ፤ ወደ 150,000 ሰው ሞተ። ወረርሽኙ የሸፈነው ስፋት ወደ 250,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር፣ ከፍታውም ከባሕር ወለል በላይ ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር ነበር። ይህን ከፍታ ልብ በሉት፤ ፍኖተ ሰላምም ቡሬም በዚሁ መቀነት ውስጥ የሚገኙ ከተሞች ናቸው።

ተመራማሪዎቹ ምክንያቱን ባልተለመደው ዝናብ፣ ሙቀትና የአየር እርጥበት አስረዱ። ይህ ትክክለኛ መልስ ነው፤ ነገር ግን ምሉዕ አይደለም። ዝናብ ትንኝን ያበዛል፤ ሰውን በብዛት የገደለው ግን የደጋው ሕዝብ በሽታውን የሚቋቋምበት የተፈጥሮ መከላከያ ያልነበረው መሆኑ ነው። በቆላ በየዓመቱ የሚታመም ሰው ከልጅነቱ ጀምሮ ከፊል መከላከያ ያዳብራል። በደጋ ግን ሕፃኑም ሽማግሌውም ለንዳድ እኩል እንግዳ ነው። ለዘመናት የጠበቀው ከፍታ፣ በሽታው ከፍታውን የወጣ ቀን፣ ያልተዘጋጀ አድርጎ አስረከበው።

ወረርሽኙ መንግሥትን ቀሰቀሰ። ቀደም ሲል በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽ ላይ በደንቢያ፣ በቆቦ፣ በአዋሽ ሸለቆና በጋምቤላ የሙከራ ሥራዎች ተጀምረው ነበር፤ በ1959 እ.ኤ.አ. ግን የወባ ማጥፊያ ድርጅት ራሱን ችሎ ተቋቋመ። ስሙን እንመርምረው፦ መከላከያ አላሉትም፤ «ማጥፊያ» ነው ያሉት። ዘመኑ ዓለም ወባን በዲዲቲ ፈጽሞ እናጠፋለን ብሎ የተነሣበት ዘመን ነበር።

ግድግዳውና ልስኑ

የዲዲቲ ረጪዎች ወደ ሰፈራችን ሲመጡ ትዝ ይለኛል። ዕቃ ሁሉ ወደ ውጭ ይወጣል፤ እህል ይሸፈናል፤ በጀርባቸው ያዘሉትን መርጫ እየገፉ ግድግዳውን ከታች እስከ ላይ ያረጥባሉ። ሐሳቡ ቀላልና ብልህ ነበር። ትንኟ ደም ከመጠጠች በኋላ ለማረፍ ግድግዳ ላይ ትቀመጣለች፤ መርዙን ነክታ ትሞታለች፤ ተሕዋሱ በውስጧ ሳይበስል ይቀራል።

ነገር ግን እናቴ፣ እንደ ጎረቤቶቿ ሁሉ፣ እንቁጣጣሽ ሲቃረብ ቤቷን በአዛባና በጭቃ ትለቀልቅ ነበር። የዘመን መለወጫን በቆሸሸ ግድግዳ የሚቀበል ቤት አልነበረም። እንዲህ እየሆነ መርዙ ከልስኑ በታች ይቀበር ነበር፤ ያውም ወባ በሚበረታበት በመስከረም ዋዜማ። ረጪዎቹ «ቤታችሁን አትለቅልቁ» ብለው አስጠንቅቀው ሄደዋል። ለምን እንደሆነ ግን ለእናቴ ማንም ቁጭ ብሎ አላስረዳትም። ዛሬ ሳስበው የዚያ ዘመን ዘመቻ ትልቁ ጉድለት ይኸው ይመስለኛል፤ ቤቱን ያውቀዋል፣ የቤቱን እመቤት ግን አያውቃትም።

የዓለም ጤና ድርጅት በ1969 እ.ኤ.አ. ወባን ከመላው ዓለም በአንድ ጊዜ የማጥፋቱን ስልት ከለሰ። በእኛም አገር «ማጥፋት» ቀስ በቀስ «መቆጣጠር» በሚለው ቃል ተተካ።

ቡሬ፣ በቆሎና የአበባ ብናኝ

አሁን ወደ አካባቢያችን ልዩ ታሪክ ልግባ። በ1998 እ.ኤ.አ. በቡሬ ወረዳ ከዚያ በፊት ያልታየ ብርቱ የወባ ወረርሽኝ ተነሣ። በዚህ ጊዜ ዝናብና ሙቀት ብቻውን አጥጋቢ ማብራሪያ አልሆነም። የኢትዮጵያን የወባና የሥነ ምኅዳር ታሪክ በመጽሐፍ የጻፈው ጄምስ ማካንና ከእርሱ ጋር የሠሩ ኢትዮጵያውያንና አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ዐይናቸውን ወደ ማሳው መለሱ። ከጥቂት ዓመታት በፊት በማሳው ላይ የተለወጠው ምንድን ነበር? በቆሎ።

በጎጃም በቆሎ እንግዳ አልነበረም፤ ነገር ግን በአብዛኛው የጓሮ ሰብል ነበር። እሸቱ በክረምቱ የረኃብ ወራት ተጠብሶና ተቀቅሎ ይበላል፤ ዋናው ማሳ ግን የጤፍ፣ የዳጉሳ፣ የገብስና የኑግ ነበር። ከ1993 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሳሳካዋ ግሎባል 2000 የተባለው ፕሮግራም፣ በኋላም የመንግሥት የግብርና ኤክስቴንሽን ፓኬጅ፣ ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ ይዘው መጡ። ቢ.ኤች. 660 የተባለው የባኮ ዲቃላ በቆሎ በቡሬና በወንበርማ ማሳዎች በፍጥነት ተስፋፋ። ምርቱም በእርግጥ ጨመረ፤ ይህን መካድ አይቻልም። ብዙ ገበሬ በዚያ በቆሎ የሣር ቤቱን በቆርቆሮ ለውጦበታል።

ታዲያ በቆሎ ከወባ ጋር ምን አገናኘው? በአካባቢያችን ወባን በዋነኛነት የምታስተላልፈው አኖፌሌስ አራቢየንሲስ የተባለችው ትንኝ ናት። እንቁላሏን የምትጥለው ፀሐይ በሚያገኛቸው ትናንሽ ኩሬዎች፣ በከብት ኮቴ ጉድጓድ፣ ለቤት ልስን ጭቃ በተቆፈረበት ሥፍራ ነው። እጮቹ በውሃው ገጽ ላይ የሚንሳፈፈውን ደቃቅ ነገር እየለቀሙ ያድጋሉ። በቆሎ ሲያብብ ከአናቱ የሚረግፈው ብናኝ በነፋስ ተወስዶ በኩሬዎቹ ላይ ያርፋል፤ ለእጮቹም የተመቻቸ ምግብ ይሆናል። በቤተ ሙከራና በመስክ የተደረጉት ሙከራዎች እንዳሳዩት ከበቆሎ አጠገብ ያሉ እጮች ከራቁት ይልቅ በብዛት ይተርፋሉ፣ ፈጥነው ያድጋሉ፣ ትልልቅ ትንኞችም ይሆናሉ። ትልቅ ትንኝ ረጅም ዕድሜ የመኖር ዕድሏ ሰፊ ነው። ተሕዋሱ በትንኟ ውስጥ እስኪበስል ዐሥር ቀንና ከዚያም በላይ ስለሚፈጅበት፣ የትንኟ ዕድሜ መርዘም ማለት የበሽታው መዛመት ማለት ነው።

ጊዜውም ገጠመ። የጓሮው በቆሎ ቀደም ብሎ ሲያብብ፣ ዘግይቶ የሚደርሰው ዲቃላ ግን ብናኙን የሚያረግፈው ከክረምቱ መጨረሻ፣ ኩሬዎች በሚበዙበትና ፀሐይ ብቅ በምትልበት ወቅት ላይ ነው። በ2005 እ.ኤ.አ. በታተመው የቡሬ ጥናት በቆሎ በብዛት በሚዘራባቸው አካባቢዎች የወባ ሕመም ጥቂት በሚዘራባቸው ካለው በ9.5 እጥፍ ከፍ ብሎ ተገኝቷል።

ይህ ማለት በቆሎ ወባን ፈጠረ ማለት አይደለም። ተሕዋሱ፣ ትንኟ፣ ኩሬውና የሰው ዝውውር ሁሉ ቀድመው ነበሩ፤ ሰብሉ ሚዛኑን አዘነበለው እንጂ። ገበሬውንም «በቆሎ አትዝራ» ማለት ረኃብን በንዳድ መለወጥ ይሆናል። ትምህርቱ ሌላ ነው፦ የግብርና ባለሙያው የኩንታል ቁጥር ሲቆጥር፣ የጤና ባለሙያው የታማሚ ቁጥር ሲቆጥር፣ ሁለቱ በአንድ ገበሬ ግቢ ውስጥ ሳይተያዩ ማለፋቸው ነው። አስገራሚው ነገር፣ የበቆሎውን ፕሮግራም በመደገፍ ስሙ የሚነሣው የካርተር ማዕከል በኋላ ለኢትዮጵያ በሚሊዮን የሚቆጠር የአልጋ አጎበር በማዳረስም ስሙ ይነሣል። ሁለቱም መልካም ሥራዎች ናቸው፤ የተገናኙት ግን ከወረርሽኙ በኋላ ነው።

ሌላዪቱ ትንኝ

እስካሁን የተናገርሁት ሁሉ ስለ ሌሊት ትንኝ ነው። የአክስቴን ልጅ የነደፈችው ግን የቀን ትንኝ ሳትሆን አትቀርም።

ኤደስ ኤጂፕታይ ትባላለች፤ እግሮቿ ነጭ ቀለበት ያላቸው ጥቁር ትንኝ ናት። በኩሬና በረግረግ አትደሰትም። የምትወደው ሰው በእጁ ያጠራቀመውን ንጹሕ ውሃ ነው፦ በርሜል፣ ሮቶ፣ እንስራ፣ የተጣለ ጎማ፣ የአበባ ማስቀመጫ። እንቁላሏ በዕቃው ግድግዳ ላይ ተጣብቆ ደርቆ ወራት ይቆያል፤ ውሃ ሲነካው ይፈለፈላል። የምትነክሰውም በቀን፣ ይልቁንም በማለዳና ፀሐይ ከመጥለቋ በፊት ነው። ስለዚህ አጎበር ብቻውን አይበቃም፤ የሰውን ቤት እንጂ የሰውን እንቅልፍ አትጠብቅምና።

የኤደስ ወገን ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም። ከ1960 እስከ 1962 እ.ኤ.አ. በኦሞ ሸለቆ በተነሣው የቢጫ ወባ ወረርሽኝ ወደ 100,000 ሰው እንደታመመና ወደ 30,000 ሰው እንደሞተ ይገመታል። ያን በሽታ ካስተላለፉት አንዷ የኤደስ ዝርያ በእንሰትና በጎደሬ ቅጠል ብብት በሚጠራቀም ውሃ የምትራባ ነበረች። ከቡሬው በቆሎ ጋር ያለውን መመሳሰል ታያላችሁ፤ እዚያም የሰው ሰብል የትንኝ ቤት ሆኖ ነበር።

ደንጊ ትኩሳት በኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በምርመራ የተረጋገጠው በ2013 እ.ኤ.አ. በድሬዳዋ ሲሆን ከ11,000 በላይ ሰዎች እንደታመሙ ተመዝግቧል። ቀጥሎ በሶማሌ ክልል በጎዴ፣ በኋላም በአፋር ታየ። በ2019 ደግሞ በዚያችው ትንኝ የሚተላለፈው ቺኩንጉንያ ድሬዳዋን አጥለቀለቃት። ወደ እኛ አቅጣጫም በመተማና በሑመራ በትኩሳት ታማሚዎች ላይ በተደረገ የደም ጥናት የደንጊ ምልክት ተገኝቷል። ከዚህም በላይ በ2016 በቀብሪ ደሃር የተገኘችው አኖፌሌስ ስቴፈንሲ የወባ ትንኝ ሆና ሳለ እንደ ኤደስ በከተማ የውሃ ማጠራቀሚያ የምትራባ ናት፤ በ2022 በድሬዳዋ ለተነሣው የወባ ወረርሽኝም ምክንያት ሆናለች። እንግዲህ «ቆላ፣ መስከረም፣ ሌሊት» የሚሉት ሦስቱ ምሰሶዎች ሁሉ ተነቃንቀዋል። በከተማ፣ በበጋ፣ በቀን የሚይዝ ትኩሳት አለ።

ምን እናድርግ?

ከዚህ ታሪክ ሦስት ነገር ይዤ ልውጣ።

አንደኛው፣ ትኩሳት ሁሉ ወባ አይደለም። ምርመራው ወባ የለም ካለ ጥያቄው አላለቀም፤ ገና ተጀመረ እንጂ። ታማሚው ከየት እንደመጣ፣ ከዐይኑ ጀርባ ያመው እንደሆነ፣ ሽፍታ ወይም መድማት እንዳለው መጠየቅ ያስፈልጋል። ለደንጊ የተለየ ፈዋሽ መድኃኒት የለም፤ ፈሳሽ አብዝቶ መውሰድ፣ ለትኩሳቱ ፓራሲታሞል፣ የቅርብ ክትትልም ነው የሚያሻው። አስፕሪን፣ አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ የመድማትን አደጋ ስለሚያብሱ መወገድ አለባቸው። ትኩሳቱ የበረደበት ቀን የመዳን ቀን ብቻ ላይሆን ይችላል፤ ብርቱ የሆድ ሕመም፣ የማያቋርጥ ትውከት ወይም መድማት ከታየ ያ ቀን ራሱ አደገኛው ቀን ነው። የደንጊ ቫይረስ አራት ዓይነት በመሆኑ በአንዱ ታሞ የዳነ ሰው በሌላው ሲያዝ ሕመሙ ሊበረታበት እንደሚችልም መዘንጋት የለበትም።

ሁለተኛው፣ መከላከያው በውሃ ዕቃችን ውስጥ ነው። በርሜልና ሮቶ በጥብቅ ይከደን፤ በሳምንት አንድ ቀን ተደፍቶ ውስጡ ይፈተግ፤ ምክንያቱም እንቁላሉ ትንኝ እስኪሆን ሳምንት ገደማ ይበቃዋል። ዝም ብሎ መድፋት ግን አይበቃም፤ እንቁላሉ የተጣበቀው ከዕቃው ግድግዳ ላይ ነውና። የተጣሉ ጎማዎች ይሰብሰቡ። ነገር ግን ሰው ውሃ የሚያጠራቅመው ቧንቧው ስለማይታመን እንደሆነ አንርሳ። የማይቋረጥ ውሃ ለከተማ ማቅረብ ራሱ የደንጊ መከላከያ ነው፤ ቤተሰብን ብቻ መገሠጽ ፍትሕ አይሆንም።

ሦስተኛው፣ የድሮው ጠላት አልሄደም። ከጥር እስከ ጥቅምት 2024 እ.ኤ.አ. ባሉት ወራት በኢትዮጵያ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማንና 1,157 ሞት ተመዝግቧል፤ የአማራ ክልልም ከፍተኛ ጫና ከነበረባቸው ክልሎች አንዱ ነበር። ስለዚህ ደንጊን እንወቅ ስል ወባን እንርሳ ማለቴ አይደለም። የሌሊቱ አጎበር በቦታው ይኑር፤ የቀኑ በርሜልም ይከደን።

ውድ ተማሪዎች፣ ከመካከላችሁ በጤና ኤክስቴንሽን፣ በግብርና፣ በከተማ ልማትና በትምህርት ቤት የምትሠሩ ትኖራላችሁ። የማደራ የምሰጣችሁ የእናቴን ግድግዳ ነው። «አትለቅልቁ» ብሎ መሄድ ቀላል ነበር፤ ምክንያቱን ማስረዳትና የበዓሉን ቀንና የርጭቱን ቀን አብሮ ማስላት ግን የአንድ ቡና ጊዜ ብቻ በጠየቀ ነበር። «በርሜሉን ክደኑ» ስትሉም ቁጭ ብላችሁ ቡናውን ጠጡ።

አያቴ ምክንያቱን ሳታውቅ ትክክለኛውን ሥርዐት ጠብቃ ልጆቿን አሳደገች። እኛ ምክንያቱን አውቀናል። የአክስቴ ልጅ ዛሬ ደኅና ነው፤ በድሬዳዋ ሥራውን ይሠራል፤ በሚቀጥለው መስቀልም ይመጣል። ዳግመኛ ትኩሳት ቢይዘው ግን «ከየት መጣህ? ስንት ቀን ሆነህ?» ብሎ የሚጠይቀው ሰው እንዲያገኝ እመኛለሁ፤ ያ ሰው ምናልባት ከእናንተ አንዱ ይሆናል።